ሙቀት፣ ቅዝቃዜና የጠራ ምስል፦ ከአምባሰል ተራሮች እስከ ሳተላይት

ሩቁን አቅርቦ፣ ረቂቁን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ሁሉ፣ ቴሌስኮፕም ይሁን ቴዎዶላይት፣ ፎቶግራፍ ማንሻም ይሁን ማይክሮስኮፕ፣ ሥራው በአንድ ርዝመት ላይ የተመሠረተ ነው። በሌንስ ያለፉት ወይም ከመስተዋት የተመለሱት ጨረሮች ተሰብስበው ምስል የሚሠሩበት ነጥብ ፎከስ ይባላል፤ እስከዚያ ነጥብ ያለውም ርዝመት የፎከስ ርቀት ነው። ፊልሙ ወይም መስቀለኛው ክር በትክክል እዚያ ላይ ከዋለ ምስሉ ይጠራል፤ ጥቂት ወዲህ ወይም ጥቂት ወዲያ ቢል ይደበዝዛል። ነገር ግን ርዝመት ሁሉ ለሙቀት ተገዥ ነው። ብርሃን ሰብሳቢው ከብርጭቆ፣ እርሱን የሚሸከመው ቱቦ ከብረት የተሠራ በመሆኑ፣ ሁለቱም ሲሞቁ የሚረዝሙበትና ሲበርዱ የሚያጥሩበት መጠን አይተካከልም። ስለዚህ በቀትር የተስተካከለ መሣሪያ በሌሊት ሊስት ይችላል።

መጠኑን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። የፎከስ ርቀቱ 1 ሜትር፣ የመስተዋቱ ስፋት 125 ሚሊ ሜትር የሆነ አነስተኛ ቴሌስኮፕ እንውሰድ። ምስሉ ሳይደበዝዝ የሚፈቀደው ስሕተት ከትክክለኛው ነጥብ ወዲህና ወዲያ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ የአሉሚኒየሙ ቱቦ በ0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ፓይረክስ ከሚባለው ብርጭቆ የተሠራው መስተዋት ግን የፎከስ ርቀቱ የሚያጥረው በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀረው 0.3 ሚሊ ሜትር ከሚፈቀደው ስሕተት አራት እጥፍ ይበልጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሐንዲሶች ይህን ችግር በየዘመኑ እንዴት እንደ ተወጡት ማሳየትና ታሪኩ ለአገራችን ሥራ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐይቁና ገደሉ

ችግሩን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በዚያው ይገኛል። ከከተማው ወዲያ የግሸን አምባ ያለበት የአምባሰል ገደላማ ተራራ ይነሣል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በጥቂት ሰዓት መንገድ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚፈራረቁበት አገር ነው።

በዚህ ስፍራ ፀሐይ ስትወጣ የገደሉ ፊት ፈጥኖ ይግላል፤ ስትጠልቅም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። የሐይቁ ውኃ ግን ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ይዘገያል፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። በብርዳማ ማለዳ ቀዝቃዛ አየር ለብ ባለ ውኃ ላይ ሲያርፍ እንፋሎት የሚነሣውም ስለዚህ ነው። ቴሌስኮፕም በውስጡ ገደልና ሐይቅ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስስ የሆነው የብረት ቱቦ እንደ ገደሉ አየሩን ፈጥኖ ይከተላል፤ ወፍራሙ መስተዋት እንደ ሐይቁ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ፎከሱ አይረጋም። ከዚህም በላይ በሞቀው መስተዋት ፊት የሚነሣው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር እየተደባለቀ ምስሉን ያርገበግበዋል።

ሁለተኛው ነገር የደጋው አየር ጠባይ ነው። በሰሜኑ የአውሮፓና የአሜሪካ ክፍል ትልቁ የሙቀት ልዩነት በሐሩሩና በበረዶው ወራት መካከል ይገኛል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ትልቁ ልዩነት በንጋትና በቀትር መካከል ነው። በአዲስ አበባ የወራቱ አማካይ ሙቀት እርስ በርሱ የሚለያየው ከ4 ዲግሪ ብዙም ባልበለጠ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ 15 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይታያል። ከላይ በምሳሌነት የተወሰደው 15 ዲግሪ እንግዲህ ተራ የበጋ ቀን ነው። በሌላው አገር ይልቁንም የዓመቱ ጉዳይ የሆነው በእኛ ደጋ የየዕለቱ ጉዳይ ነው።

የሰው ዓይን ተቆጣጣሪ በነበረበት ዘመን

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ቴዎዶላይት ተክለው አገሩን በስፋት ከለኩት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል ከቀይ ባሕር ዳር እስከ ካፋ ድረስ እየተዘዋወረ፣ ከአንዱ ተራራ ጫፍ ወደ ሌላው እያነጣጠረ ማዕዘን ለካ፤ የቦታዎችንም ከፍታ ውኃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን አስልቶ አወጣ። የልኬቱ ውጤት የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በተባለው ሥራው ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። ኋላም በፈረንሳይና በእስፓኝ ወሰን አጠገብ በአንዳይ ባሠራው ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ግድግዳ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አስጽፏል፤ በዚያው ቤት የከዋክብት መመልከቻ አቋቁሟል።

በዚያ ዘመን ቴዎዶላይት የሚሠራው ከናስ ነበር። ናስ ደግሞ በሙቀት ብዙ ከሚረዝሙት ብረታ ብረቶች አንዱ ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የናስ ቱቦ በ15 ዲግሪ ልዩነት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጣል። ይሁን እንጂ ይህ የዚያን ዘመን ቀያሾች ሥራ አላሰናከለም፤ ምክንያቱም በመሣሪያው ጫፍ የሰው ዓይን ነበረ። ምስሉ ሲደበዝዝ ዓይን ያያል፤ እጅም ቁልፉን አዙሮ ያስተካክላል። ጥንቁቅ ቀያሽ ከዚህ አልፎ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሰ ይመለከት ነበር፤ መስቀለኛው ክር ከዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከመሰለው ምስሉ በክሩ ላይ በትክክል እንዳልዋለ ያውቃልና።

ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ዋጋው ትልቅ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የ1 ሴኮንድ ማዕዘን ስሕተት 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስሕተቱም ከተራራ ወደ ተራራ እየተላለፈ ይጠራቀማል።

ከዳባዲ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ከ1957 እስከ 1961 የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር በዓባይ ተፋሰስ የሦስት ማዕዘን ልኬት አካሄደ። ከአምባሰል በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ስለሚገባ ይህ ጥናት ለወሎ ባዕድ አልነበረም። የልኬቱ መነሻ በግብጽና በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለው የአዲንዳን ነጥብ ነው፤ የኢትዮጵያ ካርታዎችም ለረጅም ዘመን በዚሁ መነሻና በ1880ው የክላርክ የምድር ቅርጽ ላይ ተመሥርተው ተሠርተዋል።

በእንዲህ ያለው ከፍተኛ ልኬት በዓለም ዙሪያ ሁለት ልማዶች ጸንተው ኖረዋል። አንደኛው ረጅሙን እይታ በሌሊት በመብራት ዒላማ መፈጸም ነው፤ ፀሐይ መሣሪያውን በአንድ ጎን የማታሞቅበትና አየሩ የሚረጋበት ሰዓት ነውና። ሁለተኛው የቀያሽ ጃንጥላ ነው። ቀያሾች በሜዳ ላይ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግተው የሚያይ ሰው ለራሳቸው ጥላ የፈለጉ ይመስለዋል፤ ጃንጥላው ግን የተዘረጋው ለመሣሪያው ነው። ፀሐይ ያገኘው ጎን ሲረዝም ያላገኘው ባለበት ይቀራል፤ እይታውም ይዛባል። ዛሬም መሣሪያ ከመኪና ወጥቶ ከመሠራቱ በፊት ከአየሩ ጋር እንዲለማመድ ይመከራል፤ የተለመደው ደንብ ለእያንዳንዱ የ1 ዲግሪ ልዩነት 2 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ለ15 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው።

የመስተዋቱ ችግር

በትላልቅ ቴሌስኮፖች ላይ ግን የዓይንና የእጅ ማስተካከል አልበቃም። የዩራነስ ፈላጊ የሆነው ዊልያም ኸርሸል መስተዋቶቹ አንዳንድ ሌሊት ለምን በደኅና እንደማይሠሩ መርምሮ፣ የሙቀት መለዋወጥ የመስተዋቱን ቅርጽና የፎከስ ርቀቱን እንደሚለውጥ በ1803 ለለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ገለጸ። መስተዋቱ ሁሉ ባንድነት ቢቀዘቅዝ ፎከሱ ብቻ ይዛወር ነበር፤ ጠርዙ ከመካከሉ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ግን ቅርጹ ራሱ ስለሚበላሽ ምንም ዓይነት የቁልፍ ማዞር አያድነውም።

የዚህ ነገር እጅግ የታወቀው ምሳሌ በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ በኅዳር 1 ቀን 1917 ሌሊት የታየው ነው። 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የሁከር ቴሌስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ ተመለከተ። የሥራው መሪ ጆርጅ ኤለሪ ሄልና ረዳቱ ዎልተር አዳምስ ጁፒተርን ቢያዩ አንድ ፕላኔት በመሆን ፈንታ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ስድስት ሰባት ምስሎች ታዩአቸው። የአያሌ ዓመታት ድካም ከንቱ የቀረ መሰለ። ኋላ ግን ሠራተኞች ቀን ጉልላቱን ከፍተው ትተውት ፀሐይ መስተዋቱን አሙቃው እንደ ዋለች ታወቀ። ከባዱ የብርጭቆ ዲስክ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ብቻ ነበር መፍትሔው። ሊነጋጋ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ተመልሰው ቬጋ የተባለችውን ኮከብ ሲያዩ እንደ መርፌ ጫፍ ጠርታ ታየች። መሣሪያው በዚያው ሌሊት ተበላሽቶ በዚያው ሌሊት የዳነ ይመስላል፤ በእርግጥ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ችግር የተሰጡት መልሶች ብዙ ቢመስሉም በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። እነርሱም የማይንቀሳቀስ ቁስ መምረጥ፣ አንዱን እንቅስቃሴ በሌላው ማጣፋትና እንቅስቃሴውን እየተከተሉ ማረም ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ አባት የስዊስ ተወላጁ ሻርል ኤዱዋር ጊዮም ነው። በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በዓለም አቀፉ የሚዛንና የልክ ቢሮ ሲሠራ በ1896 ብረትና 36 በመቶ ኒኬል የተቀላቀሉበት ቅይጥ በሙቀት ከሞላ ጎደል እንደማይረዝም አገኘ። ቅይጡ ኢንቫር ተባለ፤ ጊዮምም በ1920 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሉሚኒየም በሜትርና በዲግሪ 23 ማይክሮን፣ ተራ አረብ ብረት 12 ማይክሮን ያህል ሲረዝም ኢንቫር የሚረዝመው 1.2 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ቀያሾች የመነሻ መሥመራቸውን የሚለኩበትን ሽቦና ሜትር ከኢንቫር አሠሩ፤ የመነጽር ሠሪዎችም የቴሌስኮፕ ዘንጎችን ከእርሱ ሠሩ። በመግቢያው በተጠቀሰው ምሳሌ የአሉሚኒየሙ ቱቦ በኢንቫር ቢተካ በ15 ዲግሪ የሚቀረው ስሕተት ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ይኸውም ከሚፈቀደው በታች ነው።

በብርጭቆም በኩል ተመሳሳይ ጉዞ ተደርጓል። የሁከር መስተዋት የተሠራበት ተራ ብርጭቆ 9 ማይክሮን ያህል ይረዝም ነበር። ለፓሎማር ተራራ የ5 ሜትር ቴሌስኮፕ የኮርኒንግ ፋብሪካ በታኅሣሥ 1934 መስተዋቱን ከፓይረክስ ሲያቀልጥ ይህ መጠን ወደ 3.3 ወረደ፤ ጀርባውም እንደ ማር እንጀራ ክፍት ክፍት ተደርጎ ስለ ተሠራ ከአየሩ ጋር ቶሎ የሚስማማ ሆነ። ቴሌስኮፑ በ1948 ተመረቀ። የቀለጠ ሲሊካ 0.55 ያህል ነው። በ1968 የጀርመኑ ሾት ኩባንያ ያወጣው ዜሮዱር የተባለው ሸክላ መሰል ብርጭቆ ደግሞ በተለመደው የአየር ሙቀት መጠኑ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሰዓት ሠሪዎች የተገኘ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን በ1726 ገደማ የሰዓት ተወዛዋዥ ዘንግ ከብረትና ከናስ በትሮች አቀናጅቶ ሠራ። ብረቱ ወደ ታች ሲረዝም ናሱ ወደ ላይ ስለሚረዝም የዘንጉ ርዝመት አይለወጥም። ይህ ሐሳብ ወደ ማያ መሣሪያ ሲገባ ሌንሱ በሁለት በተለያዩ ብረቶች በተሠራ ቱቦ ላይ ይቀመጣል፤ የአንዱ መርዘም የሌላውን ያጣፋል። ከዚህ የቀለለ ሌላ ብልሃትም አለ። መስተዋቱም ቱቦውም ከአንድ ቁስ ቢሠሩ ሁሉም ባንድ ልክ ይረዝማሉ፤ ባንድ ልክም ያጥራሉ፤ ፎከሱም ካለበት አይለቅም። በ2003 ወደ ጠፈር የተላከው የስፒትዘር ቴሌስኮፕ ከቤሪሊየም የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው መሣሪያው ሁሉ እኩል ሙቀት ሲኖረው ነው። ገደሉና ሐይቁ እኩል ካልቀዘቀዙ የቁሱ አንድ መሆን ብቻውን አይጠቅምም።

በሌንስ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሌንስ ሲሞቅ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ብርሃንን የመስበር ኃይሉም ይለወጣል፤ ይህም ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ይለያያል። በአሁኑ ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመር መጋጠሚያዎች ከመጠን በላይ መጋላቸው የሚመረመርበት የሙቀት ካሜራ ሌንሱ ብዙ ጊዜ ከጀርማኒየም ይሠራል። የፎከስ ርቀቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የጀርማኒየም ሌንስ በ15 ዲግሪ ሲሞቅ የፎከስ ርቀቱ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ የአሉሚኒየሙ ቀፎ ግን በዚያው ጊዜ ይረዝማል፤ ስሕተቱም ይደመራል። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች ጠባያቸው የሚቃረን ሌንሶችን አጣምረው አንዱ የሌላውን እንዲያጣፋ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው መንገድ የዓይንና የእጁን ሥራ ለመሣሪያው ማስተማር ነው። በቱቦው ላይ የሙቀት መለኪያ ይደረጋል፤ በስንት ዲግሪ ስንት ማይክሮን እንደሚለወጥ አስቀድሞ ተለክቶ በሠንጠረዥ ይመዘገባል፤ ሞተርም በዚያው መሠረት ፎከሱን ያንቀሳቅሳል። ይህን መንገድ በቀላል መልኩ ማንም ሰው በስታዲየም ሊያየው ይችላል። የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚይዙት የትልቁ ሌንስ ቀለበት ከመጨረሻው የርቀት ምልክት ጥቂት አልፎ እንዲዞር ሆኖ ይሠራል፤ ሌንሱ በፀሐይ ሲግል የሩቁ ፎከስ ከቦታው ስለሚዛወር ነው። ካኖን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እነዚህን ሌንሶች ነጭ የቀባውም ፀሐይ እንዳታግላቸው ነው።

ሦስቱም መንገዶች ባንድነት በሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ ይታያሉ። በ1990 የተላከው ይህ መሣሪያ 2.4 ሜትር የሆነው መስተዋቱ በሙቀት እምብዛም ከማይለወጥ ብርጭቆ ተሠርቶ በማሞቂያ ወደ 21 ዲግሪ ተጠጋግቶ እንዲቆይ ተደረገ፤ ዘንጎቹም ከካርቦን ጭረት ተሠሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ቴሌስኮፑ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ በገባ በወጣ ቁጥር ፎከሱ በጥቂት ማይክሮን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ባለሙያዎቹም ይህን መተንፈስ ብለው ሰይመውታል። ዘንጎቹ በምድር ሳሉ የያዙት እርጥበት በጠፈር እየተነነ በዓመታት ውስጥ ከ100 ማይክሮን በላይ ስላጠሩም ሁለተኛው መስተዋት በየጊዜው ከምድር በትእዛዝ እንዲንቀሳቀስ ተደርጓል። እንግዲህ ከሁሉ የተመረጠው ቁስ እንኳ ከመለካትና ከማረም አላዳነም።

ዓይን የሌለው ካሜራ

የሰው ዓይን ከመሣሪያው ጫፍ ሲነሣ ችግሩ ፊቱን ይለውጣል። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያና አሜሪካ በጋራ ባካሄዱት የካርታ ሥራ አገሪቱ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተነሣች። የአየር ካሜራ ፎከሱ በፋብሪካ ተለክቶ የሚዘጋ ነው፤ በበረራ ላይ የሚያስተካክለው ሰው የለም። ልኬቱ በክፍል ሙቀት ተደርጎ ካሜራው በሰማይ 30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝና ቀፎው ካልታረመ አሉሚኒየም ቢሆን፣ የሌንሱን የራሱን ለውጥ ትተን፣ ልኩ በ1 ኪሎ ሜትር 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዛባል። ፎቶግራፉ በተራራ ጫፍ ላይ በተለኩ ነጥቦች እንዲታረም የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የዓይን ዘመን ድካም የካሜራውን ዘመን የሚያግዘውም በዚህ ነው።

በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተተኮሰው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ መቆጣጠሪያውም በእንጦጦ ተቋቋመ። ካሜራው በምድር ላይ 13.75 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ እንደ አንድ ነጥብ ያሳይ ነበር። እንዲህ ያለ ሳተላይት ምድርን ከ100 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ የአምባሰል ገደል በአንድ ቀን የሚያየውን ግለትና ቅዝቃዜ በየዙሩ ያያል።

የዚህ ነገር ጥቅሙና ጉዳቱ በራሱ በሐይቅ ላይ ሊሰላ ይችላል። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅርጹ ፍጹም ክብ ቢሆን እንኳ ዙሪያው 17 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እውነተኛው ዳርቻ ከዚህ ይረዝማል። ምስሉ ደብዝዞ የውኃው ዳርና የእርሻው ድንበር ቢደባለቁ፣ ካርታ ሠሪውም በዳርቻው ሁሉ በአንድ ነጥብ ብቻ ቢሳሳት፣ ስሕተቱ 23 ሄክታር ወይም የሐይቁ አንድ መቶኛ ይሆናል። ሐይቁ ሸሸ ወይስ አልሸሸም ብሎ ለሚጠይቅ የውኃ መሐንዲስ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ያልሸሸውን ሐይቅ ሸሸ፣ የሸሸውንም አልሸሸም ሊያሰኝ ይችላል። የፎከስ ጉዳይ የመነጽር ሠሪዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ቀሪው ሥራ

በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ። የከተማው መብራትና ደመናው ስለሚያስቸግር ከዚህ የበለጠ መመልከቻ በላሊበላ አካባቢ ከ4000 ሜትር በላይ ባሉ ተራሮች ላይ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ቀርቧል። ይህም ስፍራ ከአምባሰል በስተ ሰሜን በዚያው በወሎ ደጋ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነበት አገር ነው።

ከላይ የተተረከው ታሪክ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ኢንቫሩንም ዜሮዱሩንም ሞተሩንም በገንዘብ መግዛት ይቻላል። የማይገዛው ግን የቦታው የሙቀት መዝገብ ነው። የዊልሰን ተራራው ቴሌስኮፕ በ1917 የጎደለው ብርጭቆ አልነበረም፤ ጉልላቱ በየትኛው ሰዓት መዘጋት እንዳለበት የሚያስገነዝብ ልምድ እንጂ። የቀያሽ ጃንጥላም፣ የግማሽ ሰዓት ጥበቃውም፣ የሌሊቱ መብራትም ከቦታና ከሰዓት እውቀት የተገኙ ናቸው።

ለመሣሪያ የሚሰጠው የአምራች ሠንጠረዥ በሌላ አየር የተለካ ሊሆን ይችላል፤ የማረሚያው ፍጥነትም ለዝግተኛ ለውጥ ታስቦ ሊሆን ይችላል። በደጋው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓታት የሌሊቱን ግማሽ ለውጥ ይይዛሉ፤ ቱቦውና መስተዋቱ እጅግ የሚራራቁትም በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በየትኛውም የቅየሳ ጣቢያ፣ የካሜራ ላቦራቶሪ ወይም የከዋክብት መመልከቻ የሚሠራ መሐንዲስ ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ቢመዘግብ ለሙያው ትልቅ ውለታ ይሆናል። እነርሱም ሰዓቱ፣ የቱቦውና የመስተዋቱ ሙቀት ለየብቻው፣ ምስሉም የጠራበት የፎከስ ቁጥር ናቸው። ሥራው ከሙቀት መለኪያ፣ ከመዝገብና ከትዕግሥት በቀር ሌላ ወጪ አይጠይቅም። በላሊበላ ተራራ ላይ አንድ ቀን ጉልላት ሲቆም፣ የሚከፈትበትን ሰዓት የሚወስነው ይህ መዝገብ ነው። መዝገቡም ቢያንስ ጥቂት ዓመታት ስለሚፈልግ መጀመር ያለበት ጉልላቱ ከመሠራቱ በፊት ነው።